ለዓመታት ቆሞ የተረሳ መኪናን በዲቴይሊንግ ስለማደስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ጥግ ለዓመታት የቆመ መኪና ይዞ ወደ እኛ የሚመጣ ባለንብረት፣ ብዙ ጊዜ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር አድርጎ ይመጣል፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ወልውሎታል። በፀሐይ ብርሃን ስናየው ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ጨርቁ የተጓዘበት መንገድ ሁሉ በክብ በክብ ተስሎ ይታያል። በሥራችን እንዳየነው፣ እንዲህ ያለ መኪና ቀለሙ ላይ ካሉት ጭረቶች ብዙዎቹ የተፈጠሩት በቆመባቸው ዓመታት አይደለም፤ ባለቤቱ ሊያድሰው በተነሣበት የመጀመሪያ ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ስለዚያች ሰዓትና ከእሷ በኋላ ስለሚመጣው ረጅም ሥራ ናቸው።

ዲቴይሊንግ ላቫጆ ከሚደረገው እጥበት በምን ይለያል?

ላቫጆ ላይ ላዩን ያለውን ጭቃና አቧራ ያነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በየሳምንቱ ለሚነዳ መኪናም በቂ ነው። ዲቴይሊንግ ግን ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን፣ በወንበሩ ስፖንጅና በሞኬቱ ሥር የተደበቀውን ቆሻሻ ደረጃ በደረጃ ያወጣል፤ የደበዘዘውን የቀለም ገጽ በስሱ ገፎ ያስተካክላል፤ በመጨረሻም መከላከያ ይቀባል። ከጋራዥ ቀለም ቅብም ይለያል። ቀለም ቀቢው ላሜራ አቃንቶ፣ ስቱኮ ሞልቶ አዲስ ቀለም ይረጫል፤ እኛ ግን ምንም ቀለም አንጨምርም፣ ያለውን ነው የምናድነው። ስለዚህ የተላጠን ቀለም መመለስ አንችልም፤ ይህንንም ደንበኛው መኪናውን ከማስገባቱ በፊት ቢያውቀው እንመርጣለን።

መኪናው ለዓመታት አልተነዳም። ወደ እናንተ ከማምጣቴ በፊት ምን ላድርግ?

ቁልፍ አስገብተው ለማስነሣት አይቸኩሉ፤ መካኒክ ይቅደም። ባትሪው መሞቱ የተለመደ ነው፣ እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ የቆየ ነዳጅ፣ የተጣበቀ ፍሬንና አይጥ የበላው ሽቦ ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ የተቦጫጨቀ ወረቀት፣ የወንበር ስፖንጅ ወይም ሣር ተከምሮ ካዩ አይጥ ሰፍሮበታል ማለት ነውና ሽቦዎቹ ሳይመረመሩ ሞተሩ መነሣት የለበትም። የአይጡንም ኩስ በደረቁ አይጥረጉት፤ ብናኙ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው በተበረዘ በረኪና ካራሱት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በወረቀት ያንሡት።

ጎማውንም ይመልከቱ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጋር ካለው ቁጥር መጨረሻ ያሉት 4 አኃዞች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2316 ቢል በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎኑ የተሰነጣጠቀና 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ላይ ጥቁር ማብረቂያ ቀብተን መንገድ ላይ እንዲወጣ አናደርግም። መኪናው በራሱ መንቀሳቀስ ካልቻለ ተጭኖ ቢመጣ ይሻላል፤ እንደቆመ ቢመጣ ለእኛ ምንም አያስቸግረንም።

አንድ ነገር ግን እንለምናለን፤ አቧራውን አይንኩት። ሸራ ለብሶ ከነበረም ሸራውን ጎትተው አይግፈፉት፤ በሸራውና በቀለሙ መሃል የገባው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ቢያነሣው ግን ጉዳት አይደርስም።

የመጀመሪያው እጥበት እንዴት ይካሄዳል?

እጅ ሳይነካው ይጀምራል። መኪናው ጥላ ሥር ቀዝቅዞ ሲቆም፣ ከላይ ወደ ታች በብዙ ውኃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ ወፍራም የሳሙና አረፋ ተረጭቶበት አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። አረፋው አቧራውን ከቀለሙ አላቅቆ ይዞት ሲወርድ በዓይን ይታያል፤ ከነጭ አረፋ ሥር ሻይ የመሰለ ውኃ በበሮቹ ላይ ይንቆረቆራል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ውኃው ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ብቻ ነው እጃችንን የምናስገባው።

በእጅ ስናጥብ ሁለት ባልዲ እንጠቀማለን፤ በአንዱ ሻምፑ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ ይሞላል። ማጠቢያው ጨርቅ አንድ በር ካጠበ በኋላ መጀመሪያ በንጹሑ ውኃ ታጥቦ አሸዋውን ካራገፈ በኋላ ነው ወደ ሻምፑው የሚመለሰው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከተማችን ውስጥ አንድ ባልዲና አንድ ስፖንጅ ከጠዋት እስከ ማታ ሃያ መኪና ሲያጥብ ስለሚውል፣ የሃያውም መኪና አሸዋ ሃያ አንደኛው ላይ ይፋተጋል። የታችኛው የበር ክፍልና ቸርኬው ደግሞ የራሳቸው ባልዲና ጨርቅ አላቸው፤ የፍሬን ብናኝ ብረት ነውና ከኮፈን ጋር በአንድ ጨርቅ መታጠብ የለበትም።

ኦሞና የዕቃ ሳሙና ቆሻሻ ያስለቅቃሉ፣ ቀለሙንም ወዲያው አያበላሹትም። ነገር ግን ዋክስ (መከላከያ ሰም) ካለ ጠራርገው ያወጡታል፤ ዱቄት ሳሙናው ካልሟሟ ደግሞ ፍንካቹ ራሱ ይጭራል። ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፑ ጨርቁን አሙለጭልጮ በቆሻሻው ላይ ስለሚያንሸራትተው ነው የምንመርጠው።

ታጥቦም ሲዳሰስ ለምን ይሻክራል?

የቀረው በቀለሙ ላይ የተሰካው ነው፤ የፍሬን ብረት ብናኝ፣ ከግንባታ ቦታ የሚነሣ ሲሚንቶ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ጎረቤት በር ሲቀባ በነፋስ የመጣ ቀለም። እጅዎን በስስ ፌስታል ሸፍነው ኮፈኑን ቢዳስሱት የአሸዋ ወረቀት የነኩ ይመስልዎታል። የብረቱን ብናኝ የሚያሟሟ ፈሳሽ ስንረጭበት ብረቱን ባገኘበት ቦታ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል፤ በተለይ ነጭ መኪና ላይ ደንበኞች ደንግጠው «ምን አደረጋችሁት?» ይሉናል። የቀረውን ደግሞ ክሌይ በሚባል ሊጥ መሰል ነገር፣ በሚያንሸራትት ፈሳሽ እያረጠብን፣ ሳንጫን እናነሣዋለን። መሬት የወደቀ ክሌይ ይጣላል፤ ታጥቦ አይመለስም።

የሲሚንቶ ፍንጣሪ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃ ሲያገኝ የሚጠነክር፣ ቀለም የሚበላ ነገር ስለሆነ በጥፍርና በምላጭ መፋቅ አይገባም፤ በተበረዘ ነጭ ኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ ሲለብስ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ይለቀለቃል።

የደበዘዘው ቀለም እንደ ፊቱ ይመለሳል?

መልሱ በቀለሙ ዓይነትና በቀረው ውፍረት ላይ ይወሰናል፤ ስለዚህ ከመፈተሻችን በፊት ቃል አንሰጥም። የዘመኑ መኪናዎች በአብዛኛው ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ግልጽ ሽፋን አላቸው። የፋብሪካ ቀለም ከነሥሩ በብዙ መኪኖች ላይ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ ክሊሩ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ራሱ 70 ማይክሮን አካባቢ ይወፍራልና፣ መኪናዎን ከፀሐይ የሚጠብቀው ነገር ከፀጉር ይሳሳል ማለት ነው። በማሽን ኮምፓውንድ (ገፋፊ ቅባት) ስናደርገው ከዚያው ላይ ጥቂት ማይክሮን ገፈን ነው ጭረቱን የምናጠፋው። ሥራው ተአምር የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ደጋግሞ የማይሠራውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት እያንዳንዱን የላሜራ ክፍል በውፍረት መለኪያ እንለካለን። ከ200 ማይክሮን በላይ ካነበበ ቦታው ዳግም የተቀባ መሆኑን እንጠረጥራለን፤ ብዙ መቶዎች ካነበበ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ባለቤቱ «ተነክቶ አያውቅም» ብሎ የገዛው መኪና በመለኪያው ፊት ታሪኩን ሲናገር ማየት ያሳዝናል፤ እኛም ብንሆን ይህን ዜና ማብሰሩን አንወደውም። መለኪያው በላሜራ ላይ እንጂ በፕላስቲክ ፓራውልት ላይ አይሠራም።

ክሊሩ ነጭ ነጭ ብሎ መላጥ የጀመረ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ፣ በፖሊሽ አይድንም። እዚያ ላይ ማሽን መጫን የተላጠውን ጠርዝ ያሰፋዋል እንጂ አይጠቅምም። ይህን ስንነግራቸው ሌላ ቦታ የሚሄዱ ደንበኞች አሉ፤ እዚያ በዘይት የበዛበት ማብረቂያ ተቀብቶ ለሁለት ሳምንት ያበራል።

አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ አለኝ። ቀለሙ እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል። አልቆለታል?

ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ተስፋ ያለው የእርስዎ መኪና ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከተሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ፣ በተለይ ነጭ የሆኑት፣ ክሊር የላቸውም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም ነው። ፀሐይ የላይኛውን ስስ ገጽ ታቃጥለውና እንደ ጠመኔ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ግን ደኅና ነው።

አባቷ ሲያርፉ ግቢ ውስጥ የግራቪሊያ ዛፍ ሥር ስለቀረ ነጭ ዲኤክስ ከቨርጂኒያ የደወለችልን አንዲት ደንበኛ ነበረች። መኪናው ስድስት ክረምት አልፎበታል። ቀለሙ ነጭ መሆኑ የሚታወቀው በሮቹ ሲከፈቱ ብቻ ነበር፤ ውጪው ግራጫና አረንጓዴ ነው፤ በመስታወቱ ጎማ ሥር የድንጋይ ሽበት በቅሏል። ካጠብነውና በክሌይ ካጸዳነው በኋላ የሾፌሩን በር ግማሽ በወረቀት ማጣበቂያ ከፍለን አንዱን ጎን ብቻ በፖሊሽ ማሽን ሠራን። በማሽኑ ጫፍ ባለው ስፖንጅ፣ በፓዱ ላይ የቀረው ነገር የመኪናው የራሱ ቀለም ነው፤ ነጭ ሊጥ ሆኖ ከፓዱ ላይ በብሩሽ ይወርዳል። ክሊር ያለው መኪና ላይ እንዲህ ያለ ቀለም ካየን ሥራውን ወዲያው እናቆማለን፤ ዲኤክስ ላይ ግን የሚጠበቅ ነው። ማጣበቂያውን ስናነሣ በሩ መሃል ለመሃል ተከፍሎ፣ አንዱ ወገን ወተት፣ ሌላው አመድ ሆኖ ታየ። ፎቶውን ላክንላት፤ «ይህን ግማሽ በር እንዳለ ተዉት» አለችን። ሌላውን ሁሉ ሠርተን እሱን ለመጨረሻ አቆየነው።

ጭረት ሁሉ ይወጣል?

ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ በቀስታ ያሳልፉ። ጥፍርዎ ሳይያዝ ካለፈ በፖሊሽ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከተያዘ ግን ጭረቱ ለእኛ ከሚፈቀደው በላይ ጠልቋል። እንዲህ ያለውን ጠርዙን አለስልሰን እንዳይጎላ እናደርጋለን እንጂ እስኪጠፋ አንገፍም። ላሜራው ታይቶ ዝገት ከጀመረማ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። ሥራውን ወደ እኛ ከማምጣትዎ በፊት ዝገቱ እንዲታከም እንመክራለን፤ በዝገት ላይ የተቀባ ማንኛውም መከላከያ ዝገቱን ከሥር እየበላ እንዲቀጥል ይተወዋል።

የወፍ ኩስ በሳሙና አልለቅ አለኝ። ምን ይደረግ?

ኩሱ ሳይሆን ኩሱ የበላው ቀለም ነው የቀረው። ኩሱ አሲድነት አለው፤ ቀለሙ በቀን ፀሐይ ሞቆ ሲለሰልስ ይበላዋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተኮማትሮ የኩሱን ቅርጽ ይይዛል። ትኩስ ሆኖ ከተገኘ ርጥብ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ አልብሰው ወደ ላይ ያንሡት፤ አይፈትጉት። የዛፍ ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። የቆየው ምልክት በፖሊሽ ይሳሳል፤ ሁልጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ቢጫ የሆነው የፊት መብራት ይጸዳል ወይስ ልቀይረው?

ከውጭ ከሆነ ይጸዳል። የዛሬው መብራት ሽፋን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ሲመረት ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠብቀው ስስ ቅብ ይቀባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ጨረሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የዋህ ትመስለናለች፤ የመብራቶቻችን ዕድሜ ግን ሌላ ይናገራል። አሮጌዋ ዲኤክስ በዚህ ነገር ትስቅብናለች፤ የእሷ መብራት ብርጭቆ ስለሆነ ቢጫ አይሆንም።

ሥራው የሚጀምረው በዙሪያው ያለውን ቀለም በማጣበቂያ በመሸፈን ነው። ከዚያ ቁጥር 800 ወይም 1000 የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያረጠብን እንፈትጋለን። መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ እርድ የነካው ወተት ይመስላል፤ ያ የተቃጠለው ቅብ ነው። ውኃው ነጭ ብቻ ሆኖ ሲወርድ ወደ 1500፣ ወደ 2000፣ በመጨረሻም ወደ 3000 እናልፋለን፤ እያንዳንዱ የቀደመውን ጭረት ማጥፋት አለበት። በዚህ ጊዜ መብራቱ በጉም የተሸፈነ ይመስላልና ባለቤቱ ቆሞ የሚያይ ከሆነ ይጨነቃል፤ በኮምፓውንድ ሲሠራ ግን ይጠራል።

ብዙ ቦታ የሚዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የፋብሪካውን ቅብ ገፈን አውጥተነዋልና በምትኩ ጨረር የሚከላከል ቅብ ካልተቀባ መብራቱ በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። በጥርስ ሳሙና የሚሠራውም እንደዚሁ ነው፤ ያጠራል፣ ግን አይቆይም። ቤንዚንና አሴቶን ፈጽሞ አይንኩት፤ ፕላስቲኩን ከውስጡ ይሰነጣጥቁታል። ጉሙ በመብራቱ ውስጠኛ ገጽ ከሆነ ደግሞ በውጭ የሚደረግ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

የውስጡ ሻጋታና ሽታ ይለቃል?

ውኃው የገባበት ቀዳዳ ከተዘጋ ይለቃል። ይህን አስቀድመን የምንለው፣ ወንበሩን አጥበን አድርቀን ከሰጠን በኋላ በሐምሌ ዝናብ ሻጋታው ተመልሶ የመጣባቸው መኪኖች በሥራችን መጀመሪያ ዓመታት ስለነበሩን ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምናደርገው የእግር መርገጫውን አንሥተን ሞኬቱን በእጅ መጫን ነው። ከላይ ደረቅ የሚመስለው ሞኬት ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አለው፤ ስንጫነው ውኃ ከጣቶቻችን መሃል ብቅ ካለ ወዲያው ምንጩን እንፈልጋለን። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው የውኃ መውረጃ በዛፍ ቅጠል መደፈኑ፣ የደረቀ የበር ጎማ፣ ወይም የኤር ኮንዲሽነሩ ማንጠባጠቢያ ቱቦ መዘጋቱ ነው።

ምንጩ ከተገኘ በኋላ ወንበሮቹ ይወጣሉ። ከወንበር ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ ነውና ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ አይነካም፤ ይህ ሥራ ለልጆች ማለማመጃ አይሆንም። ሻጋታው መጀመሪያ የአፍ መሸፈኛ ተደርጎ ጥሩ ማጣሪያ ባለው መምጠጫ ይመጠጣል፤ በብሩሽ ማራገፍ ዘሩን መኪናው ውስጥ መበተን ነው። ከዚያ ጨርቁ ፈሳሽ ተረጭቶበት፣ ውኃ እየረጨ መልሶ በሚመጥ ማሽን ይታጠባል። ማሽኑ የሚመጠው ውኃ በግልጽ ገንዳ ውስጥ ስለሚጠራቀም ደንበኛው ራሱ ያየዋል፤ ከአንድ የኋላ ወንበር የሚወጣው ውኃ የጀበና አተላ የመሰለ ጥቁር ይሆናል። ማድረቁ ከማጠቡ ይረዝማል፤ በሮቹ ተከፍተው በማራገቢያ አንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። በክረምት ይህን ጊዜ ማሳጠር አይቻልም፤ ለበዓል ይድረስልን የሚሉትንም እንቢ የምንለው በዚህ ነው።

የጣሪያው ኮርኒስ ላይ ግን እጃችን የሳሳ ነው። ጨርቁ በስስ ስፖንጅና በሙጫ የተያዘ ስለሆነ ከራሰ ተላቆ ይንጠለጠላል፤ በአረፋ ብቻ ይጠረጋል። የደኅንነት ቀበቶም በበረኪና መታጠብ የለበትም፤ ክሩን ያዳክመዋል።

ስለ ሽታ አንድ ነገር እንጨምር። ወተት፣ ቅቤና ትውከት በሽቶ አይሸነፉም፤ የፕሮቲንና የስብ ቅሪት ናቸውና የሚያፈርሳቸው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ይፈልጋሉ። ከገበያ ሲመጣ የተደፋ አንድ ሊትር ቅቤ ከሞኬት ሥር ያለውን ስፖንጅ እስከ ማስቀየር ሊያደርስ ይችላል። የአየር ፊልትሮውንም እንቀይራለን፤ በብዙ የጃፓን መኪኖች ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ያለ ነው፤ ባለቤቱ መኖሩን የማያውቀው ጊዜም አለ።

ሞተሩን ማጠብ አደጋ የለውም?

በጥንቃቄ ከሆነ የለውም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ዲናሞው፣ የፊውዝ ሳጥኑ፣ ቦቢናውና የአየር መሳቢያው በፌስታል ተሸፍነው፣ ቅባት አሟሚው በብሩሽ ተሠርቶ በዝቅተኛ ግፊት ይለቀለቃል፤ በኮምፕሬሰር አየር ይደርቃል። በከተማችን የተለመደው ናፍጣ መርጨት ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፣ ከዚያ የጎማ ቱቦዎችን ያሳብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ እሳትም ይጋብዛል። የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት ደግሞ ኮፈኑ ሥር ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ አያስረጩ፤ ብርቱካናማ ሽቦዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ናቸውና በርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ሴራሚክ ኮቲንግ ያስፈልገኛል?

የግድ አይደለም። ሴራሚክ የሲሊካ ውሕድ ያለበት ስስ ሽፋን ነው፤ ውኃ እንዲንከባለል፣ ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ በጥሩ አያያዝ ከአንድ ዓመት እስከ ጥቂት ዓመታት ይቆያል። የቁልፍ ጭረትና የድንጋይ ፍንጣሪ አያስቆምም፤ ሳይታደስ በተቀባ ቀለም ላይም ጭረቱን ይዞ ይዘጋል። መኪናዎ ውጭ የሚያድር ከሆነ ይጠቅማል። ጋራዥ ውስጥ የሚያድር፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጣ ዲኤክስ ግን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ዋክስ ቢቀባ ይበቃዋል፤ ለአሮጌ ቀለም መልኩም ያምርለታል።

ስንት ቀን ይፈጃል?

ለዓመታት የቆመ መኪና ከአራት እስከ ሰባት የሥራ ቀን። «በግማሽ ቀን እናድሰዋለን» የሚል ቦታ ካጋጠመዎት የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ የውፍረት መለኪያ አላችሁ?

መኪናውን ልሸጠው ነው። ያወጣሁት ወጪ ይመለሳል?

ብዙ ጊዜ አዎን፤ በተለይ ሜካኒካል ችግር ከሌለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ሰው ያለውን መኪና የሚያድነው በስሜት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ወደዚያው ነው። ነገር ግን ለሽያጭ የሚሠራ ሥራ ጉዳት መደበቂያ እንዲሆን አንፈቅድም። የለካነውን ውፍረት ለባለቤቱ በወረቀት እንሰጠዋለን፤ ገዢ ቢጠይቀን የምንመልሰውም ያንኑ ነው።

በራሴ ቤት የምሠራው ነገር አለ?

ብዙ አለ። አረፋና ሁለት ባልዲ፣ ክሌይ፣ የውስጥ መምጠጥ፣ የመስታወት ጽዳት፣ በእጅ የሚቀባ ዋክስ፤ ይህን ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ጥላ ሥር መሥራት ይቻላል። የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ከሆነ መኪናው በራሱ እንዲደርቅ አይተዉት፤ ውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጠብጣቡን መስታወቱ ላይ አትሞ ይተወዋል። የፖሊሽ ማሽን ግን፣ በተለይ ፈጥኖ በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከረው፣ በበር ጠርዝ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ቀለሙን ጨርሶ ላሜራው ላይ ስለሚደርስ፣ መጀመሪያ ከቁርጥራጭ ቤት በተገዛ አሮጌ ኮፈን ላይ ይለማመዱ። ዳሽቦርዱ ላይም የሚያብለጨልጭ ሲሊኮን አይቀቡ፤ አቧራ ከመሰብሰቡ በላይ ነጸብራቁ የፊት መስታወቱ ላይ እየወጣ ዓይን ይወጋል።

ከታደሰ በኋላ እንዴት ልያዘው?

በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ፤ ባይነዳም ይታጠብ። ላቫጆ ከወሰዱት የራስዎን ማጠቢያ ጨርቅ ይዘው ይሂዱና በእሱ እንዲታጠብ ይጠይቁ፤ መጀመሪያ ይስቁብዎታል፣ በሁለተኛው ጊዜ ይለምዱታል። ለረጅም ጊዜ የሚያቆሙት ከሆነ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ፣ ከዛፍ ርቆ፣ አየር በሚያሳልፍ ልብስ ይሸፈን፤ ፕላስቲክ ሸራ እርጥበት ያፍናል። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን ቅጠል ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በእጅዎ ይልቀሙት።

ዲኤክሷን በተመለከተ፣ ያች ግማሽ በር በመጨረሻው ቀን ተሠራች። ባለቤቷ ለገና መጥታ ስትረከባት ቀድማ የነካችው ኮፈኑን አልነበረም፤ የሾፌሩን በር ከፍታ፣ የአባቷ ክንድ ለዓመታት ያረፈበትን የመስታወት ጠርዝ ዳሰሰች። እዚያ ላይ ቀለሙ አልቆ ላሜራው ይታያል። ፖሊሽ ስናደርግ በማጣበቂያ ሸፍነን የተውነው ቦታ ነው።